«አይ ላይክ ቲ» ዘይቤ ነው?

የ7ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ሳስተምር የገጠመኝ ነው። የዕለቱ ትምህርት ስለ ዘይቤ ነበር፤ ሲሚሊ (አንዱን ነገር እንደ ሌላው ነው ማለት)፣ ሜታፈር (አንዱን ነገር ሌላው ነው ማለት)፣ ፐርሶኒፊኬሽን (ሰው ላልሆነ ነገር የሰው ባሕርይ መስጠት)። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ተማሪው ደግሞ ከ60 ይበልጣል። ቶሎ እንዲገባቸው ብዬ አንድ አቋራጭ ሰጠኋቸው። ብላክቦርዱ ላይ በትልቁ ጻፍኩት፦ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ «ላይክ» ወይም «አዝ» ካለ ሲሚሊ ነው። ሁለቱም «እንደ» ማለት ይሆናሉ። ሁሉም ገለበጡት። በደማቁ ያሰመሩበትም ነበሩ።

በሳምንቱ ቴስት ሰጠሁ። ትርጉም ጻፉ የሚለውን ጥያቄ አብዛኞቹ ደፈኑት። ቀጥሎ የራሳችሁን ምሳሌ ስጡ ይላል። ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳርም አንድ ወረቀት ላይ «አይ ላይክ ቲ» የሚል መልስ አገኘሁ። ሻይ እወዳለሁ ማለት ነው። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አድርጌ አለፍኩ። ጥቂት ቆይቶ «አይ ላይክ ፉትቦል» መጣ። ኤክስ። ከዚያ «አዝ አይ ካም ቱ ስኩል፣ ኢት ሬይንድ»። ወደ ትምህርት ቤት ስመጣ ዘነበ። እንዲህ ያለ መልስ የሰጡት 19 ሆኑ። መጀመሪያ የተኮራረጁ መሰለኝ። ግን ልጆቹ የሚቀመጡት በአራቱም የክፍሉ ማዕዘን ነው።

በማግስቱ የሻዩን ልጅ ጠየቅኩት። «ይሄ እንዴት ሲሚሊ ይሆናል?» ብድግ አለና ደብተሩን ገልጦ አሳየኝ። «ቲቸር፣ እንደዚህ ብለው አስጽፈውናል እኮ።» ድፍረት አልነበረበትም። ከልቡ ግራ ገብቶት ነው። ያስጻፍኳቸውን ነበር በቃሌ መሠረት የመለሱልኝ።

በእረፍት ሰዓት ለአማርኛ መምህራችን አወራሁት። ዕድሜያቸው የገፋ ስለሆነ ጋሼ ነው የምላቸው። «እንደመጣሁ ደወልኩ በሚለው ውስጥ እንደ አለ፤» አሉኝ። «ተነጻጻሪ ዘይቤ ነው ትላለህ?»

«አልልም፣ ጋሼ።»

«ልጆቹም አይሉም። ተነጻጻሪ ዘይቤን፣ ተለዋጭ ዘይቤን፣ ሰውኛ ዘይቤን እኔ ጋ ተምረዋል። ለምንድነው ከዜሮ የምትጀምረው?»

ይህ ጥያቄ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ያስተማርኩት ቃል መልቀምን ነበር። ዘይቤን አላስተማርኩም።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ያንን አቋራጭ ደብተራቸው ላይ ራሳቸው እንዲሰርዙት አደረግኩ። በምትኩ ሦስት ጥያቄ ጻፍኩ፤ በአማርኛ። ምን? ከምን ጋር? በምን ተመሳሰሉ? በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ መጠቀምን የሚነቅፉ አሉ፤ እኔ ግን ሐሳቡ በሚያውቁት ቋንቋ ከተያዘ እንግሊዝኛው በኋላ ቦታ ያገኛል ብዬ አምናለሁ። «አይ ላይክ ቲ»ን አቀረብኩላቸው። ሻይ ከምን ጋር ተነጻጸረ? ከምንም። በአማርኛ መውደድና መምሰል ለየብቻ ቃል አላቸው። እንግሊዝኛ ግን ሁለቱንም «ላይክ» ይላቸዋል። ይህን ሲያዩ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ኣ!» አለ።

ከዚያ ከበድ ያለውን አመጣሁ። «ሂ ራንስ ላይክ ሂዝ ብራዘር።» እንደ ወንድሙ ይሮጣል። እዚህ ማነጻጸር አለ። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ፣ እምብዛም እጇን የማታወጣ፣ «ወንድሙም ሰው ነው፤ ሰውን ከሰው ጋር ማወዳደር ምኑ ዘይቤ ነው?» አለች። እኔ ልሰጥ ካዘጋጀሁት ማብራሪያ የእሷ ይሻላል። «እንደ ነፋስ ይሮጣል» ሲባል ግን ሰውና ነፋስ ተገናኙ። ሁለት የማይዛመዱ ነገሮች፣ በአንድ ባሕርይ። ሜታፈር ላይ ብዙ አልቆየንም። «ወንድሜ መምህር ነው» እና «ወንድሜ አንበሳ ነው» ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልዩነቱን ራሳቸው ነገሩኝ።

ሰውኛ ዘይቤ ላይ ስንደርስ ግን የቆየ ነገር ትዝ አለኝ። ልጆቹ ድርሰት ሲጽፉ «ስሊፕ ቱክ ሚ» ይላሉ። እንቅልፍ ወሰደኝ ለማለት ነው። ስንት ጊዜ በቀይ ሰርዤ «አይ ፌል አስሊፕ» ብዬ ጽፌያለሁ። እርማቱ ትክክል ነው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሚለው እንደዚያ ነው። ግን እንቅልፍ መጥቶ ሰውን ይዞ ሲሄድ ያ ሰውኛ ዘይቤ ነው። ረሃብ ያዘኝ፣ ብርድ መታኝ፣ ሳቄ መጣ እንላለን። ልጆቹ ቋንቋውን ይዘውት ነው ክፍል የገቡት። እኔ ለዓመታት ስህተት ነው ብዬ ብቻ አልፌዋለሁ። አሁን እንዲህ ያለውን በእርሳስ አሰምርበትና ጎኑ «ሆን ብለህ ነው?» ብዬ እጽፋለሁ። ለፈተና ወይም ለደብዳቤ የተለመደውን እንዲጠቀሙ እነግራቸዋለሁ። ለታሪክ አስበውበት ከሆነ ግን ይቆይ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስለ ቤታቸው አንድ አንቀጽ አስጻፍኳቸው። የሻዩ ልጅ ወረቀቱን ይዞ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። «የእናቴ ሻይ በክረምት እንደ ጋቢ ነው» ይላል፣ በእንግሊዝኛ። ምን ከምን ጋር አልኩት። ሻይ ከጋቢ ጋር። በምን? «ሁለቱም ሲይዙኝ አልነሳም፣ ቲቸር።» የመጣው ግን ለሌላ ነው። ጋቢን በእንግሊዝኛ ምን ብሎ እንደሚጽፈው አላወቀም።

ጋቢ ብለህ ተወው አልኩት።