«ቀኑን በምን ያሳልፉታል?»

እማዬ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የወደቀችው ባለፈው ጥር ነው። አጥንቷ አልተሰበረም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍርሃት ገባኝ። «አንቺ ቁጭ በይ» ሆነ ቃሌ። ወጥ ቤት ብቅ ስትል «ቁጭ በይ»፣ ልብስ ልታጥፍ ስትል «ቁጭ በይ»። እሷም «እሺ ልጄ» ትልና ሶፋው ላይ ትቀመጣለች። ጀበናዋን ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኩት። ቡና በማሽን አፈላላት ጀመር።

ከዚያ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት፣ ማለትም ሰው የዕለት ኑሮውን ራሱ እንዲያከናውን የምታግዝ ባለሙያ፣ ቤታችን ተላከችልን። ኦኩፔሽን ሲባል የእንጀራ ሥራ ይመስለኝ ነበር። ለ78 ዓመት እናቴ ምን ሥራ? ለካ ቃሉ ሰው ቀኑን የሚሞላበትን ነገር ሁሉ ይይዛል። መታጠብ፣ ማብሰል፣ ቤተ ክርስቲያን መሄድ፣ ጎረቤት መጠየቅ።

ሴትየዋ መጀመሪያ የጠየቀችው «የት ያምዎታል?» ብላ አይደለም። «ቀኑን በምን ያሳልፉታል?» ነው ያለችው። አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ጥያቄውን ለእማዬ ሳላደርስ «ታርፋለች፣ ምንም አልጎደለባትም» ብዬ መለስኩ። ሴትየዋ ረጋ ብላ «እሳቸውን ጠይቂልኝ» አለችኝ።

ጠየቅኳት። እማዬ ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «ቡና ማፍላት እፈልጋለሁ፤ ራሴ ቆልቼ» አለች። አምስት ወር ሙሉ አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም።

ሥራው ከዚያ ተጀመረ። ዱካው ቀረ፤ ዝቅ ስለሚል ከእሱ መነሳት ያታግላታል። በምትኩ መደገፊያ ክንድ ያለው ወንበር መጣ። ረከቦቱና የኤሌክትሪክ ምድጃው ጠረጴዛ ላይ ወጡ። ትልቁ ጀበና በትንሽ ተተካ። ቡናውን ቁጭ ብላ ታጥባለች። ቄጤማው ላይ ክርክር ነበር፤ ወለል ላይ ያንሸራትታል። እማዬ ግን ያለ ቄጤማ ቡና አይሆንላትም። መጨረሻ ላይ ጠረጴዛው ላይ፣ ከረከቦቱ ሥር ተጎዘጎዘ። መታጠቢያ ቤቱ ደግሞ የግድግዳ መያዣና መቀመጫ ተገጠመለት።

መውደቅን የሚያውቀውን የእጅ ሰዓት ገዝቼላት ነበር። ሁልጊዜ ታወልቀዋለች። ቴራፒስቷ አልተከራከረቻትም። መጀመሪያ ታብሌቱ ላይ ደሴ ያለችውን እህቷን ፎቶ አደረገችላት፤ ፎቶውን ስትነካ ይደወላል። እህቷን በየቀኑ ማየት ስትጀምር ሰዓቱንም ተቀበለች። አሁን ቡና ስትጠጣ ቻርጅ ታደርገዋለች።

ነገሩ ቢደንቀኝ ማንበብ ጀመርኩ። ስለዚህ ሙያ ያነበብኩት አንድ ጥናት የተሠራው እዚሁ እኛ በምንኖርበት ሎስ አንጀለስ ነው። የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ በፍሎረንስ ክላርክ መሪነት፣ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 361 ሰዎችን በሦስት ቡድን ከፈሉ። ውጤቱ በ1997 እ.ኤ.አ. ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። አንደኛው ቡድን ለዘጠኝ ወር ከቴራፒስቶች ጋር ሠራ። የራሱን ቀን መረመረ፤ በአውቶቡስ መሄድን፣ አቅም መቆጠብን፣ ቤትን ከአደጋ መጠበቅን ተለማመደ። ሁለተኛው ቡድን ተሰብስቦ ይጫወታል፣ ፊልም ያያል፣ የእጅ ሥራ ይሠራል። ሦስተኛው ምንም አልተደረገለትም።

ሁለተኛው ቡድን ከሦስተኛው የተለየ ውጤት አላመጣም። እዚህ ጋ ቆም ብዬ ደግሜ አነበብኩት። እኔ «ሰው መሀል ካለች ይበቃታል» ስል ነበርና። ለውጥ ያሳየው የመጀመሪያው ቡድን ነው፤ በጤናም፣ በአቅምም፣ በኑሮ እርካታም። ከስድስት ወር በኋላ ሲለኩ አብዛኛው ለውጥ አልጠፋም። ባልቲሞር ውስጥም ጆንስ ሆፕኪንስ ላይ የተጀመረ ኬፐብል የሚባል ፕሮግራም አለ። ቴራፒስት፣ ነርስና ቤት ጠጋኝ ሠራተኛ እየተባበሩ በየተራ ወደ አዛውንቱ ቤት ይሄዳሉ። የሚጀምሩትም እሱ ማድረግ ከሚፈልገው ነገር ነው።

እኛ ሐበሾች እናት አባታችንን የምንወደው ሥራ በመከልከል ነው። «ደክማችሁ አሳድጋችሁናል፣ አሁን እረፉ» እንላለን። ከልባችን ነው። ግን እማዬ ሶፋው ላይ እያየኋት ነበር የምታንሰው።

ቅዳሜ ፌርፋክስ አካባቢ ያሉ ሁለት ጓደኞቿ መጡ። መስኮቱን ከፈትኩ። ቆላች፣ ጭሱን በእጇ ወደ እንግዶቹ አመጣች። አቦሉን ስትቀዳ እጇ ተንቀጠቀጠ፤ ትንሽ ቡና ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ። ልነሳ ብዬ ተውኩት። ጨርቋን አንስታ ጠረገችና ወደ ቀጣዩ ሲኒ አለፈች።