ሦስት ቀንሱ፦ ደብረ ብርሃን ሆኖ መንኮራኩር መከታተል

ወደ ማርስና ወደ ጁፒተር የሚላኩ ሰው አልባ መንኮራኩሮችን ከዚህ ሆኖ የሚከታተል ሰው መጀመሪያ የሚሳሳተው በሰዓቱ ነው። የተልእኮ ገጾች ሰዓት የሚጽፉት በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት ነው፤ ብዙው ሰው ሦስት ይደምርና ስድስት ይቀንሳል፣ መሀል ላይ ይምታታበታል። አጭሩ መንገድ ከዩቲሲው ላይ ሦስት መቀነስ ነው፣ በቃ። 08፡00 ካለ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ነው። ውጤቱ ከ12 ከበለጠ 12 አንሱለት፤ ማታ ነው። የናሳ ተሽከርካሪ ፐርሰቪራንስ ማርስ ላይ ያረፈችበት ዜና መሬት የደረሰው የካቲት 11 ቀን 2013 በዩቲሲ 20፡55 ነበር። ሦስት ሲቀነስ 17፡55፣ አሥራ ሁለት ሲነሳለት ከምሽቱ 5፡55።

በካሊፎርኒያ ሰዓት ከጻፉት በበጋቸው 4፣ በክረምታቸው 5 ደምሩ። በፍሎሪዳ ሰዓት ከሆነ 1 ወይም 2። ወደ ጁፒተር የተላከችው ዩሮፓ ክሊፐር ጥቅምት 4 ቀን 2017 የተወነጨፈችው በፍሎሪዳ ቀትር 12፡06 ላይ ነው፤ እኛ ዘንድ ከምሽቱ 1፡06። እነሱ ሰዓታቸውን በመጋቢት መግቢያ ግድምና በጥቅምት መጨረሻ ስለሚያዛውሩ፣ በእነዚያ ሳምንታት ዩቲሲውን ፈልጋችሁ ብታሰሉ ይሻላል።

የቀኑ ወጥመድ ግን ይብሳል። «ዓርብ 22፡00 ዩቲሲ» ማለት እኛ ለቅዳሜ አጥቢያ ሌሊት 7 ሰዓት የምንለው ነው። አላርሙን ቅዳሜ ማታ ተኝቶ ሌሊት 7 ሰዓት እንዲጮህ የሞላ ሰው ድፍን አንድ ቀን ዘግይቶ ይነሳል።

ሌላው መጠየቅ ያለበት ነገር፣ የተጻፈው ሰዓት ነገሩ እዚያ የሆነበት ነው ወይስ ምልክቱ እዚህ የደረሰበት? ፐርሰቪራንስ በእርግጥ ያረፈችው ከዜናው 11 ደቂቃ ከ22 ሴኮንድ ቀደም ብላ ነው። ከማርስ ምልክት ለመድረስ እንደ ርቀቱ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጃል። ሁለቱን ሰዓቶች ያላዩ ሰዎች «ዘገየች፣ ጠፋች» እያሉ በከንቱ ይሸበራሉ።

በቀጥታ ስርጭት መከታተልን አልመክርም። ፓኬጁን ይጨርሳል፣ መብራት ሲሄድ ይቋረጣል፣ የሚታየውም በአብዛኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው ነው። ከዚያ ይልቅ ዲኤስኤን ናው የሚባለውን ገጽ ክፈቱ። በጎልድስቶን፣ በማድሪድና በካንቤራ ያሉት የናሳ ዲሾች በዚች ደቂቃ ከማን ጋር እንደሚነጋገሩ ያሳያል። የዲሾቹ ቁጥር በራሱ አድራሻ ነው፦ በ1 እና በ2 የሚጀምሩት ጎልድስቶን፣ በ3 እና በ4 ካንቤራ፣ በ5 እና በ6 ማድሪድ ናቸው። 14፣ 43 እና 63 ባለ 70 ሜትሮቹ ናቸው። ጣሪያችሁ ላይ ያለው ዲሽ 90 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ የአንዱ ባለ 70 ሜትር ስፋት የእሱን ስድስት ሺህ እጥፍ ነው። የመንኮራኩሮቹ ስም በአህጽሮት ነው፤ ቪጂአር1 ቮዬጀር 1 (ከሁሉም የራቀችው)፣ ጄኤንኦ ጁኖ (የጁፒተሯ)፣ ኤም20 ፐርሰቪራንስ።

ዲሹን ስትነኩት ርቀት፣ የዳታ ፍጥነትና የብርሃን ጊዜ ይወጣል። የብርሃን ጊዜው የደርሶ መልስ ነው፤ ለሁለት ክፈሉት። ይህን የዘነጋ ሰው ቮዬጀር 1ን እጥፍ ያርቃታል። እሷ በ23 ዋት ግድም ማሰራጫ በሴኮንድ 160 ቢት ትልካለች፤ በዚህ ፍጥነት አንድ ሜጋ ባይት ፎቶ ለማውረድ 14 ሰዓት ገደማ ይፈጅ ነበር። ከመሬት አንድ የብርሃን ቀን፣ ማለትም 25.9 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር የምትርቀው በኅዳር 2019 ነው።

ምልክት አለ ማለት ግን ዳታ አለ ማለት አይደለም። በኅዳር 2016 ቮዬጀር 1 ምልክቷን ሳታቋርጥ ትርጉም የሌለው ተደጋጋሚ ነገር መላክ ጀመረች። ምክንያቱ ዳታ የሚያዘጋጀው ኮምፒውተር ላይ አንድ ቺፕ መበላሸቱ ነበር፤ ከማስታወሻው 3 በመቶ ያህሉ ከጥቅም ውጭ ሆነ። እዚያ የነበረውን ኮድ ባንድነት የሚይዝ ባዶ ቦታ ስላልተገኘ ቆራርጠው በየጥጋጥጉ አስቀመጡት። ትእዛዙ ሚያዝያ 10 ተልኮ መልሱ ሚያዝያ 12 መጣ።

በተቃራኒው የአንድ ዲሽ ዝም ማለት መንኮራኩር ሞተ ማለት አይደለም። ዲሽ 14 መስከረም 6 ቀን 2018 ከልኩ በላይ ዞሮ ገመዱና ቧንቧው ተጎድቷል፤ ጥፋቱ የመሬት ነው። በየ26 ወሩ ገደማ ደግሞ ማርስ ከፀሐይ ጀርባ ትገባና ለሁለት ሳምንት ያህል ትእዛዝ አይላክም። ፌስቡክ ላይ «ከማርስ ጋር ግንኙነት ተቋረጠ» የሚል ስታዩ መጀመሪያ ይህን አረጋግጡ።

የፐርሰቪራንስ ጥሬ ፎቶዎች ለሕዝብ ክፍት ናቸው። ትንንሾቹን የናሙና ምስሎች እለፉ። አንዳንዱ ፎቶ ቁርጥራጭ ሆኖ የሚመጣው ትልቁ ምስል ተከፋፍሎ ስለሚላክ ነው። የፋይሉ ስም ብዙ ይናገራል፦ ከካሜራው አህጽሮት ቀጥሎ ያለው ባለ አራት አሃዝ የማርስ ቀን ነው (አንዱ 24 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ከ35 ሴኮንድ)፤ ከዚያ የሚመጣው ባለ አሥር አሃዝ ከታኅሣሥ 22 ቀን 1992 እኩለ ቀን ግድም ጀምሮ የተቆጠረ ሴኮንድ ነው። ለ86,400 ካካፈላችሁት ከዚያ ወዲህ ስንት ቀን እንዳለፈ ታገኛላችሁ።

ኔትወርክ ደካማ በሆነበት፣ መንዝም ሆነ ጣርማበር ጉም ውስጥ፣ መንኮራኩሮች የት እንዳሉ የሚያሰላው የናሳ ገጽ ሆራይዘንስ ይበቃል፤ ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ዳታ አይበላም። ቮዬጀር 1 በቁጥር -31፣ ጁኖ -61፣ ወደ ጁፒተር የተላከችው ጁስ -28 ናት፤ የመቀነስ ምልክቷ ከተረሳች የፈለጋችሁት አይመጣም። ለደብረ ብርሃን ኬክሮስ 9.68 ሰሜን፣ ኬንትሮስ 39.53 ምሥራቅ፣ ከፍታ 2.84 አስገቡ። ከፍታው በኪሎ ሜትር ነው፤ 2840 የጻፈ ሰው ከከተማው 2,840 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ተንሳፍፎ ያያል። ከሠንጠረዡ 4፣ 20 እና 21ን ብቻ ምረጡ፦ አቅጣጫና ከፍታ፣ ርቀት፣ የአንድ መንገድ የብርሃን ጊዜ በደቂቃ።

ጁኖን ራሷን በዓይን ማየት አይቻልም፣ ጁፒተርን ግን ይቻላል። ጥሩ ሰማይ ያለው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፤ ውርጩም ያኔ ነው። ባናውን ደርቡና ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ገልብጣችሁ ውጡ፤ 15 በመቶ የቀረው ስልክ በዚያ ብርድ ሳይታሰብ ይጠፋል።