አንዱ ጋ የሚሮጥ፣ ሌላው ጋ የሚያዘግም

ደንበኛው ለድረ ገጹ የጠየቀው ቀላል ነገር ነበር። የምርቶቹ ፎቶዎች በአንድ ረድፍ ይደርደሩና ከቀኝ ወደ ግራ ቀስ እያሉ ይሂዱ፤ የመጨረሻው ሲያልፍ ከመጀመሪያው ይቀጥል። የቡድናችን ልጅ ድረ ገጽን በሚያንቀሳቅሰው የኮድ ቋንቋ፣ በጃቫስክሪፕት፣ ጻፈው። ሁላችንም አየነው፤ ያምራል።

ከዚያ ደንበኛው ደወለ። «ፎቶዎቹ ይሮጣሉ እኮ! ሰው የቱን አይቶ የቱን ይተዋል?» አለ። ልጁ ፍጥነቱን በግማሽ ቀነሰለት። ደንበኛው ደስ አለው። ብዙም ሳይቆይ አለቃችን ገጹን ላፕቶፗ ላይ ከፈተችና «ይሄ ነገር ተኝቷል እንዴ?» አለች። ተጨመረ። እንደገና ተደወለ። ልጁ መሀል ቤት ተቸገረ፤ ነገሩ እንደየሰዉ ፍላጎት የሚለያይ ክርክር መሰለ።

ክርክሩን የፈታችው ሥራ ከመለቀቁ በፊት የምትፈትሽልን ባልደረባችን ናት። ሁለት ስልኮች ጎን ለጎን አስቀምጣ ገጹን እኩል ከፈተችው። አንዱ ላይ ረድፉ እጥፍ ይፈጥናል። ኮዱ ያው፣ ኢንተርኔቱ ያው።

ልጁ የተጠቀመው ሪኩዌስት አኒሜሽን ፍሬም የሚባለውን ነው። ብሮውዘሩ ስክሪኑን ሊያድስ ሲል ኮዳችሁን ይጠራዋል። ልጁ ደግሞ በተጠራ ቁጥር ረድፉን 1 ፒክስል፣ ማለትም አንድ የስክሪን ነጥብ፣ ይገፋል። የአለቃችን ስክሪን 60 ሄርዝ ነው፤ በሰከንድ 60 ጊዜ ይታደሳል፣ ፎቶውም 60 ፒክስል ይሄዳል። የደንበኛው አዲስ ስልክ 120 ሄርዝ ነው። እዚያ 120 ፒክስል ይሄዳል። ሁለቱም ያዩትን ነበር የሚናገሩት።

መፍትሔው አጭር ነው። ኮዱ ሲጠራ ሰዓቱም በሚሊሰከንድ አብሮ ይሰጠዋል። ካለፈው ጥሪ ወዲህ ስንት እንዳለፈ ቀንሶ በፍጥነቱ ማባዛት ነው። ባለ 60ው ላይ ልዩነቱ 16.7 ገደማ፣ ባለ 120ው ላይ 8.3 ገደማ ይሆናል። ርምጃው ያንሳል፣ ጥሪው ይበዛል፤ በሰከንድ የሚሄደው ግን እኩል ይመጣል። ረድፉ የደረሰበትንም ቦታ በራሳችሁ ቫሪያብል (ኮዱ ቁጥር በሚያስቀምጥበት ቦታ) ያዙት። ብሮውዘሩ ከሚይዘው የስክሮል ቦታ ላይ መልሳችሁ ካነበባችሁት አንዳንዴ ግማሽ ፒክስሏ ተጠጋግታ ትጠፋለች፤ ረድፉም ባለበት ይገተራል።

ይህ ሲስተካከል ሌላ ጣጣ ብቅ አለ። ሰው ወደ ሌላ ታብ ሄዶ ሲመለስ ፎቶዎቹ ድንገት ይዘላሉ። ታቡ ሲደበቅ ብሮውዘሩ ጥሪውን ያቆማል፤ ሲመለስ ያለፈው ጊዜ በአንድ ርምጃ ይሰላል። ልዩነቱ ከ50 ሚሊሰከንድ ከበለጠ እንደ 50 ቁጠረው ተባለ፤ አለቀ።

የፎቶዎቹ ስፋትና ቁመት የገጹ ይዘት በሚጻፍበት ኮድ፣ ኤችቲኤምኤሉ ላይ፣ መጻፍ አለበት። ካልተጻፈ ፎቶው ሳይወርድ የረድፉ ርዝመት ይለካና ዙሩ ያለቦታው ይቆረጣል። ይህን ልጁ ቀድሞም አድርጎታል፤ ጎበዝ ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ በራሱ የሚሄድ ፎቶ ባይኖር እመርጣለሁ። የገጹን መልክ በሚወስነው ሲኤስኤስ ብቻ፣ በኦቨርፍሎው (ከሳጥኑ የተረፈውን እየገፉ ለማየት) እና በስክሮል ስናፕ (ፎቶው ቦታው ላይ ልክ እንዲቆም)፣ ሰው በጣቱ እየገፋ የሚያየው ረድፍ ይሠራል። አንድ መስመር ጃቫስክሪፕት አያስፈልገውም። ይህንኑ ለደንበኛው አቀረብን። «አይ፣ ይሂድልኝ» አለ።

እንግዲያው ማቆሚያ ቁልፍ ይኑረው አልን። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያውም በራሱ ጀምሮ ከ5 ሰከንድ በላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ማቆሚያ ይኑረው ይላል። ይህንንስ ሳይከራከር ተቀበለ።