የእናታችን ቤት ካርታ

ስቶክሆልም በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። የመኖሪያ ፈቃዴን ጉዳይ ላየችልኝ ሠራተኛ አንድ ፓኮ ቸኮላት ይዤላት ሄድኩ። ለምስጋና ነበር፤ በልቤ ሌላ ነገር አልነበረም። ፈገግ ብላ ሰማችኝና ፓኮውን ወደ እኔ መለሰችው። «መቀበል አይፈቀድልኝም» አለችኝ። ቅር ብሎኝ ወጣሁ።

ነገሩ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ባሕር ዳር ላይ ነው። እናታችን ስታርፍ የአንድ ወር ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። ድርሻዬን ለታላቅ እህቴ ትቼ የቤቱ ካርታ በስሟ እንዲዞር ነበር ሐሳባችን። «ነገ ኑ» ተባልን። በነጋታው ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። በሳምንቱ ፋይሉ ጠፋ። በር ላይ የቆመ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ጠጋ ብሎ ፋይሉ በስንት ብር እንደሚገኝ ሹክ አለኝ። ወደ ስዊድን ክሮና ስመነዝረው የአንድ እራት ወጪ ነው። ልከፍል ነበር።

ከሰዓት ጣና ዳር ተቀምጠን ታንኳዎቹን እያየን ለእህቴ ነገርኳት።

«ወንድምዓለም፣ አንተ ከፍለህ ትሄዳለህ» አለችኝ። «እኔ ግን ነገም ለግብሩ፣ ከነገ ወዲያም ለሌላው እዚያው መስኮት ላይ ነኝ። ዛሬ የሰጠሃቸውን ከእኔም ይጠብቁታል። ምንም ከሌላት ጎረቤቴም።»

ይህን ውጭ ያለን ሰዎች ብዙም አናስበውም። ትኬቱ ተቆርጧል፣ ፈቃዱ ሊያልቅ ነው፣ እንከፍላለን። ዋጋውን የምናስወድደው እኛም ነን። በሙስና ወንጀሎች አዋጅ 881/2007 ደግሞ የሚቀጣው ተቀባዩ ብቻ አይደለም፤ ሰጪውም ነው።

ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል በየዓመቱ በሚያወጣው የሙስና መለኪያ 0 እጅግ የከፋ፣ 100 ንጹሕ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከ180 አገሮች ዴንማርክ በ90 አንደኛ ሆነች። ስዊድን 80፣ ኢትዮጵያ 37 አገኙ። የዓለም አማካይ 43 ነበር። ቁጥሩ የተሰበሰበው ከባለሙያዎችና ከነጋዴዎች አስተያየት ነው። እህቴን የጠየቃት የለም። የግል ባንኮችንም አይመለከትም። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2015 ወደ 200 ቢሊዮን ዩሮ የሚጠጋ፣ አብዛኛው አጠራጣሪ የተባለ ገንዘብ ያለፈው በዚያችው በአንደኛዋ አገር ትልቅ ባንክ የኢስቶኒያ ቅርንጫፍ በኩል ነው።

ልዩነቱ ግን እውነት ነው፤ በሁለቱም መስኮት ቆሜ አይቼዋለሁ። ስዊድናውያን ከእኛ የተሻለ ልብ ስላላቸው አይመስለኝም። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1766 ጀምሮ ሰው የመንግሥት ሰነድ ጠይቆ የማየት መብት አለው። በሕግ የተከለከለ ምሥጢር ካልሆነ በቀር ያሳዩታል፤ ለምን ፈለግከው አይሉትም። ማንም መጥቶ ሊያየው የሚችለውን ፋይል «ጠፋ» ማለት ይከብዳል።

አልከፈልንም። እኔ ተመለስኩ፣ እህቴ መመላለሷን ቀጠለች። ስንት ማለዳ ያ ወረፋ ላይ እንደቆመች ሳስብ አሁንም ያመኛል።

አንድ ቀን በቴሌግራም የካርታው ፎቶ ደረሰኝ። ወዲያው ደወልኩላት። አንዲት ወጣት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የምሳ ሰዓቷን ትታ ስትፈልግ፣ ፋይሉን ከሌላ ቀበሌ ክምር ውስጥ አግኝታዋለች።

«ቡና እንኳ ልጋብዝሽ ብላት እምቢ አለችኝ» አለች እህቴ።