ጂ ማይነር፣ በጥድፊያ

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር፣ እሑድ ማታ

ሰሞኑን አንድ አራት ደቂቃ ገደማ የሚሆን የኦርኬስትራ ሙዚቃ ጆሮዬ ላይ ተለጥፎ አልለቅ ብሎኛል። የቼኩ አቀናባሪ አንቶኒን ድቮርዣክ በ1878 እ.ኤ.አ. ከጻፋቸው ስምንት የስላቭ ጭፈራዎች የመጨረሻው ነው። ቁልፉ ጂ ማይነር፣ ፍጥነቱ ፕሬስቶ፣ በጣም ፈጣን ማለት ነው። ከዚህ በላይ መጣደፍ የሚቻል አይመስለኝም፤ ቫዮሊን የሚጫወቱትን ሰዎች ክንድ እያሰብኩ አዝንላቸዋለሁ።

ማይነር ሲባል እኛ ዘንድ መጀመሪያ ትዝ የሚለን ትዝታ ነው። ኪቦርዴ ላይ ከጂ ተነሥቼ ትዝታ ሜጀር ስጫወት ጣቶቼ የሚያርፉት ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ ላይ ነው። ቢንና ኢን ግማሽ ድምፅ ዝቅ ካደረግኳቸው ትዝታ ማይነር ይሆናል፤ ያኔ ሠርግ ቤትም ብሆን እናቶች ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። እና የጂ ማይነር ሁለቱ ፍላቶች፣ ማለትም ግማሽ ድምፅ ዝቅ የሚሉት፣ እነዚሁ ናቸው፣ ቢ እና ኢ። እኛን የሚያስተክዙን ሁለት ድምፆች እዚያ ሰው ያስጨፍራሉ። ደግሞ ድቮርዣክ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ዜማው ገና ሳይጨርስ ወደ ጂ ሜጀር ብልጭ ይልና ይመለሳል። ፉከራና እልልታ ከአንድ ግቢ ሲወጡ እንደመስማት ነው።

ታዲያ ሐዘኑ የት ገባ? ዛሬ ከሰዓት ስልኬ ላይ የማጫወቻውን ፍጥነት ወደ ግማሽ አወረድኩት። ድምፁ አልወፈረም፣ ቁልፉም ያው ነው፤ የተለወጠው ፍጥነቱ ብቻ። ቫዮሊኖቹ ማላዘን ጀመሩ። ቅድም የሚያስፈነጥዘው ከበሮ እግር የሚጎትት ሆነ። ቡና የምትቆላው እህቴ ማንከሽከሻውን እንደያዘች ዘወር ብላ «ደግሞ ማን ሞተ?» አለችኝ። ወደ ልኩ ስመልሰው ምንም ሳትል ትከሻዋን ነቅነቅ አደረገችና ወደ ቡናዋ ዞረች። ከዚያ ወዲህ ማይነር ሁሉ ያሳዝናል የሚለኝን ሰው አልሰማውም። ቢያንስ በዚህ ሙዚቃ ስሜቱን የያዘው ፍጥነቱ ነው።

ፍጥነቱ ብቻውንም አይደለም፤ ምቱ ተንኮለኛ ነው። ፉሪያንት የሚባል የቼክ ጭፈራ ነው። ወረቀቱ ላይ በሦስት በሦስት ይቆጠራል፣ ጆሮ የሚሰማው ግን ሌላ ነው፦ መጀመሪያ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት፤ ቀጥሎ ሦስት፣ ሦስት። ደምረው፣ 12 ነው፤ የሦስት ምት አራት ቤት በትክክል ይሞላል። አንድም ምት ሳይጎድል እግርህን ያስተሃል። በጣቴ ጠረጴዛ እየመታሁ ስከተለው ግን ባይተዋር አልሆነብኝም። እኛም እስክስታ ስንመታ ችክችካውን ስድስት ቆጥረን፣ አንዴ በሁለት፣ አንዴ በሦስት እንከፍለው የለ? እጅ አንዱን ይይዛል፣ ትከሻ ሌላውን። ልዩነቱ፣ እኛ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ እናስኬዳለን፤ እሱ አንዱን ጨርሶ ነው ወደ ሌላው የሚሻገረው።

ቡናው ሲቀርብ ጎረቤታችን የኔታ መጡ። አቋቋም፣ የቤተ ክርስቲያኑን የዝማሬና የሽብሸባ ሥርዓት፣ ያስተምራሉ። «የኔታ፣ ይችን አንዴ ይስሙልኝ» ብዬ ስልኩን ጠጋ አደረግኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው በመቋሚያቸው ጫፍ ወለሉን ነካ ነካ እያደረጉ ሰሙና፣ «ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ዝማሜውንና መረግዱን የት ጥለውት መጡ? ቀጥታ ጽፋት ገቡ እኮ!» አሉኝ።

እኔ ስንት ቀን ሰምቼው ያላየሁትን በአንድ ስኒ ቡና ጨረሱት። በአቋቋም በዝማሜ ቀስ ተብሎ ይጀመራል፣ ከበሮውና ጸናጽሉ ይገባሉ፣ መረግዱ እየሞቀ ይሄድና ጽፋቱ፣ ጭብጨባው ማለት ነው፣ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ይኼኛው ከመጀመሪያው ቤት ጀምሮ ሙሉ ኦርኬስትራውን ያፈነዳዋል። ከዚያ ወዲያ የሚወጣበት ከፍታ ስለሌለው መሄጃው ወደ ታች ነው፤ መካከል ላይ ጂ ሜጀር ሆኖ ለስለስ ይላል፣ ወደ መጨረሻውም ዜማው ተቆራርጦ እያንሾካሾከ ያለቀ ያስመስላል። አለቀ ስትል በሙሉ ድምፅ ይመለስና በሩን ዘግቶብህ ይሄዳል። የኔታ እዚህ ጋ ደንግጠው ስኒያቸውን ሊደፉት ነበር። «ሌባ ነው!» ብለው ሳቁ።

ድቮርዣክ መጀመሪያ የጻፋቸው ለፒያኖ ነው፤ ሁለት ሰዎች አንድ ፒያኖ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው እንዲጫወቱት። የበርሊኑ አሳታሚ ዚምሮክ ነው ያዘዘው፣ የጀርመናዊው አቀናባሪ የብራምስ የሃንጋሪ ጭፈራዎች ገበያቸው ደርቶለት ነበርና። የኦርኬስትራውንም ድቮርዣክ ራሱ በዚያው ዓመት አዘጋጀው። ብራምስ በአብዛኛው ቀድሞ የነበሩ ዜማዎችን ሲወስድ ድቮርዣክ የሕዝቡን ምት ብቻ ወስዶ ዜማውን ከራሱ አፈለቀ። ለእኔ የሱ መንገድ ይበልጥብኛል። የአገር ዜማ ወስዶ ኪቦርድ ማልበስ ቀላል ነው፣ እኛም ባንድ ውስጥ የምንሠራው እሱኑ ነው።

ማታ ለከበሮ መቺያችን ደውዬ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሦስት እያልኩ በአፌ መታሁለት። ትንሽ ዝም አለና፣ «ይኼን ለጥር ሠርግ ካመጣኸው ሚዜዎቹ ይወድቃሉ» አለኝ። ሐሙስ ከበሮውን ይዞ ይመጣል፤ መጀመሪያ ቀስ አድርገን እንሞክረዋለን።