31 ኬላ ሳልወድቅ፦ የሄቴሮሴራ መንገዶች የሦስት ወር ማስታወሻዬ

ትናንት ማታ ተሳካ። ሴኮንድ ላይፍ በሚባለው የኮምፒውተር ዓለም ውስጥ 31 ሪጅን (የመሬት ክፍል) በተከታታይ ነዳሁ። አንዴም ከመኪናው አልወደቅሁም፣ አንዴም ቪወሩ (ዓለሙን የሚያሳየኝ ፕሮግራም) ክራሽ አላደረገብኝም። ስሌት ለምትወዱ፣ አንድ ሪጅን 256 ሜትር በ256 ሜትር ነው። 31ዱን ቀጥ አድርጋችሁ ብትደረድሯቸው ስምንት ኪሎ ሜትር አይሞሉም። ከፒያሳ ሳሪስ ያህል ቢሆን ነው። ለዚህች መንገድ ሦስት ወር ፈጅቶብኛል፣ መሳቅ ይቻላል።

ሴኮንድ ላይፍን ለማታውቁ ባጭሩ ልበል። እ.ኤ.አ. 2003 ላይ ለሕዝብ የተከፈተ ምናባዊ ዓለም ነው፣ የሠራውም ሊንደን ላብ የሚባል የሳን ፍራንሲስኮ ኩባንያ ነው። ጌም ይሉታል እንጂ ነጥብ የለው፣ ማሸነፍ የለው። ሰው መሬት ይገዛል፣ ቤት ይሠራል፣ ልብስ ሰፍቶ ይሸጣል፣ ይጨፍራል፣ ይጣላል። እኔ መሬትም ቤትም የለኝም። ከሥራ ስገባ መንገድ ነው የምነዳው። ሜይንላንድ የሚባለው ክፍል በርካታ አህጉሮች አሉት፤ ሳንሳራ፣ ሄቴሮሴራ፣ ሳቶሪ፣ ኮርሲካ እያለ ይቀጥላል። ብዙዎቹ ላይ የሕዝብ መንገድ ተዘርግቷል። በነጻ አካውንት ማንም ገብቶ መንዳት ይችላል።

የሕዝብ መንገዶቹን የሚሠራውና የሚጠግነው የኩባንያው የሕዝብ ሥራዎች መምሪያ ነው። ሠራተኞቹ ሞል ይባላሉ፣ ፍልፈል ማለት ነው። የአቫታራቸው (ዓለሙ ውስጥ የሚወክላቸው ገጸ ባሕርይ) ስም መጨረሻ ላይም ይኸው ቃል አለ። እኛ አገር ፍልፈል የገበሬ ጠላት ነው፣ እዚያ ግን መንገድ ሠሪ ሆኖ አገኘሁት።

ሄቴሮሴራን የመረጥኩት በስሙ ነው። ሄቴሮሴራ በሳይንስ ቋንቋ የእሳት እራት ወገን መጠሪያ ነው። ብዙዎቹ ሪጅኖችም የተሰየሙት በእሳት እራት ዝርያዎች ነው። ካርታው ላይ ስታዩት መሬቱ ውስጥ ባሕር አቅፎ የተጠመዘዘ ነው፣ አቶል (ውሃ ያቀፈ ቀለበት መሰል ደሴት) የሚሉትም ለዚህ ነው። ዋናው መንገድ አቶል ሮድ ይባላል። በዚያ ላይ የባቡር ሐዲድ አለው፤ ሐዲዱ ከነጣቢያው የሕዝብ ነው፣ የራሳችሁን ባቡር አውጥታችሁ መንዳት ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ኬላው።

ኬላ የምለው የሪጅን ድንበርን ነው። አንዱ ሪጅን በአንድ ሲሙሌተር (ሰርቨር ላይ ያለ ፕሮግራም) ነው የሚሠራው፣ ጎረቤቱ ደግሞ በሌላ። ድንበሩን ስትሻገሩ የመጀመሪያው እናንተንና መኪናችሁን ለሁለተኛው ያስረክባል። የለበሳችሁት ልብስ፣ ፀጉራችሁ፣ መኪናው ውስጥ ያለው ስክሪፕት (ነገሩን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ፕሮግራም) ሁሉ ነው ርክክብ የሚደረግበት። የአገር አቋራጭ አውቶቡስ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ሌላ ሲመጣ ታውቁ የለ? ሰው ይወርዳል፣ ረዳቱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሻንጣ ያወርዳል፣ አንዷ የሴት ቦርሳ ትጠፋለች፣ ጩኸት ይነሳል። ይኸው ነው፤ ልዩነቱ በሁለት ሰከንድ ማለቁ ነው። አንዳንዴ ታዲያ ሰው ይደርስና መኪናው ይቀራል። አንዳንዴ መኪናው ይሄድና እናንተ ባዶ አየር ላይ እንደተቀመጣችሁ ትቀራላችሁ፣ እግር ታጥፎ፣ እጅ መሪ እንደያዘ።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ብትነዱ በየ15 ሰከንዱ አንድ ኬላ አለ። ይህን ያሰላሁት ዘግይቼ ነው። የመጀመሪያው ወር ሙሉ እንደ እብድ እየነዳሁ "ይሄ ነገር ለምንድነው የማይሠራው" እያልኩ ስበሳጭ ነበር። ከዚያ አንድ ነባር ነጂ መንገድ ዳር ቆሞ ስወድቅ አየኝና ጻፈልኝ፦ "ስትሻገር እጅህን ከኪቦርዱ ላይ አንሳ።" መጀመሪያ የቀለደብኝ መስሎኝ ነበር።

አልቀለደም። ርክክቡ እስኪያልቅ ቪወሩ አዲስ መረጃ ስለማያገኝ መኪናው በነበረበት ፍጥነትና አቅጣጫ እየሄደ እንደሆነ ገምቶ ያሳያችኋል። ስለዚህ መኪናው መሬት ውስጥ ሲገባ ወይም ወደ ሰማይ ሲወጣ ታያላችሁ። ደንግጣችሁ መሪ ብትጠመዝዙ ርክክቡ ሲያልቅ መኪናው በዞረበት በኩል ይፈተለካል፣ የሰው አጥር ውስጥ ትገባላችሁ። ዝም ብትሉት ግን ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆይቶ ራሱ መንገዱ ላይ ይመልሳችኋል። ከአዲስ አበባ ስትገቡ ደግሞ ሰርቨሩ አሜሪካ ስለሆነ ፒንጋችሁ (መረጃ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ) ከፍ ያለ ነው፣ ትዕግሥቱ እጥፍ ያስፈልጋል። እኔ አሁን "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" እያልኩ ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ። እህቴ አንድ ማታ በር ከፍታ "ከማን ጋር ነው?" አለችኝ።

ሌላው የተማርኩት ራሰ በራነትን ነው። የምሬን ነው። የአቫታር ፀጉር ብዙ ጊዜ መጠኑን ለማስተካከል ስክሪፕት ተጭኖበት ይመጣል፣ አንዳንዱ በየዘለላው። ያ ሁሉ ነው በየኬላው የሚጫነውና የሚወርደው። እኔ መንገድ ስወጣ ፀጉሩን አውልቄ ኢንቬንቶሪ (የአቫታሩ ዕቃ ማስቀመጫ) ውስጥ አስቀምጣለሁ፣ ስክሪን ላይ የሚለጠፉትን ሃድ የሚሏቸውንም እንዲሁ። ፎቶ ማንሳት ስፈልግ ቆሜ መልሼ እለብሳለሁ። ሁለተኛው ወር ላይ ይህን ከጀመርኩ በኋላ አወዳደቄ በግማሽ ቀነሰ ብል አላጋንንም።

ድሮው ዲስታንስ (draw distance) ስለሚሉትም፣ ማለትም ቪወሩ ምን ያህል ርቀት ድረስ እንዲያሳያችሁ እንደምትፈቅዱለት፣ ሙግት አለ። ብዙ ሰው 64 ላይ አድርጋችሁ ንዱ ይላል። እኔ አልስማማም። በ64 ሜትር ጭጋግ ውስጥ የምትነዱ ከሆነ መንገዱን ምን ልትሠሩበት ወጣችሁ? 128 ላይ እነዳለሁ። ተራራ ወይም ባሕር ዳር ስደርስ ቆሜ 400 አደርገዋለሁ። ያን ጊዜ ኮረብታው፣ ከዚያ ኋላ ያለው የሰው ግንብ፣ ከዚያ የባሕሩ ማዶ አንድ በአንድ ከጭጋግ ይወጣሉ። ላፕቶፑ እንደ ጄኔሬተር ይጮሃል፣ ግን ለአምስት ደቂቃ ይችለዋል።

ውበት ሲባል ታዲያ ማንም አንድ ላይ አስቦ የነደፈው ውበት እንዳይመስላችሁ። መንገዱ የሕዝብ ነው፣ ዳርና ዳሩ ግን የግለሰብ ይዞታ ነው። አንድ ኩርባ ላይ የጃፓን የሻይ ቤት የሚመስል ነገር አለ፣ ቀጥሎ ግማሽ የቀረ የኮንክሪት ሣጥን፣ ቀጥሎ የቫምፓየር ቤተ መንግሥት፣ ቀጥሎ ባለቤቱ ትቶት የሄደ ባዶ ሣር። መጀመሪያ ይህ ዝብርቅርቅ ያናድደኝ ነበር። አሁን ባዶው ሣር ነው የሚጥመኝ። ከስሩ ያለው መሬት ወጥቶ ይታያል፣ ባሕሩ በዚያ በኩል ብቅ ይላል። የወደድኳቸው ሦስት አራት ቦታዎች ሁሉ የተተዉ መሬቶች አጠገብ ናቸው።

ካሌታ ጣቢያ ጋ ቁሙ እላለሁ። ባቡር ሐዲዱ አጠገብ በቤት አልባ መንገደኞች ሰፈር አምሳያ የተሠራ ቦታ ነው፣ አሮጌ ፉርጎ ምናምን ያለበት። ሰው አይጠፋበትም። አዲስ ሰው ከሆናችሁ ጥያቄ ጠይቁ፣ የሚመልስ አለ። እኔ ስለ ፀጉሩ የሰማሁት እዚያ ነው።

ፀሐይዋን ሳልነግራችሁ። ባለ መሬቱ ካልቀየረው በስተቀር የሴኮንድ ላይፍ አንድ ቀን አራት ሰዓት ነው፤ ሦስቱ ብርሃን፣ አንዱ ጨለማ። በእኛ አንድ ቀን ውስጥ ስድስት ጊዜ ትወጣለች ማለት ነው። ከእራት በኋላ ሁለት ሰዓት ብነዳ ወይ መውጫዋን ወይ መጥለቂያዋን የማግኘት ዕድሌ ጥሩ ነው። አንዴ አቶል ሮድ ላይ ውሃው በቀኝ እያለ መጥለቂያዋ ላይ ደረስኩ። አስፋልቱ ብርቱካንማ ሆነ። ቆምኩ። ወዲያው አንዷ ያቫ ፖድ ከኋላዬ መጣች፤ እነዚህ ሰው ሳይነዳቸው መንገዱን ይዘው የሚዞሩ ትንንሽ የጎብኚ ተሽከርካሪዎች ናቸው። ባዶዋን ነበረች። እየተንቀጠቀጠች አልፋኝ ኬላውን ያለ ምንም ችግር ተሻገረች። እኔ ሦስት ወር የታገልኩበትን! ትንሽ አመመኝ።

ውድቀቶቼን ልቁጠርላችሁ፣ ከነሱ ነው የምትጠቀሙት።

የመጀመሪያው ማዕዘን ነው። አራት ሪጅኖች የሚገናኙበት ነጥብ ላይ መንገዱ ካለፈ ሁለት ርክክብ በአንዴ ይነሳል። እኔ እዚያ ነጥብ ላይ የወደቅሁትን ብዛት አልናገርም። ሚኒማፕ ከፍታችሁ ድንበሩን እዩ፤ ማዕዘን ከቀረበ ቀስ ብላችሁ አንዱን ጎን ብቻ ተሻገሩ፣ እስኪረጋ ጠብቁ፣ ከዚያ ሌላውን።

የደህንነት ኦርብ የሚሉት ደግሞ አለ። ባለ መሬት የሚያስቀምጠው ስክሪፕት ነው። ከመንገድ ትንሽ ወጣ ካላችሁ "በ10 ሰከንድ ውስጥ ውጣ" ይላችኋል፣ አንዳንዱ ሳያስጠነቅቅ ቤት ብላችሁ ወደ መዘገባችሁት ቦታ ይሰዳችኋል። አንድ ቀን ላግ ነበር፣ መሪው ዘግይቶ ታዘዘኝ፣ የአንዱ ሰውዬ ግቢ ሳር ላይ አንድ ጎማ አሳረፍኩ። አንድ ጎማ! ራሴን ሌላ አህጉር ላይ አገኘሁት። መኪናው በኋላ ሎስት ኤንድ ፋውንድ የሚለው ፎልደር ውስጥ ተመልሶ መጣ፤ ስለዚህ መኪናችሁ ከጠፋ መጀመሪያ እዚያ ፈልጉ፣ እንደ እኔ ሌላ አትግዙ። ኦርቡን የተከለውን ሰው ግን አልፈርድበትም። መንገዱ ዳር ነው የሚኖረው፣ እንደ እኔ ያለ በየማታው አጥሩን የሚገጭ ሰው አይጠፋም።

ሌላው ማክሰኞ ነው። በሳምንቱ መሐል፣ በተለይ ማክሰኞና ረቡዕ፣ ኩባንያው ሪጅኖቹን በየተራ አጥፍቶ ያስነሳቸዋል። "ይህ ሪጅን በ5 ደቂቃ ውስጥ ጠፍቶ ይነሳል" የሚል መልእክት ከመጣ ወደ ፊት አትጣደፉ፣ ቀጥሎ ያለው ራሱ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ከፊታችሁ መንገዱ ተቆርጦ ውሃ ብቻ ይታያል፣ ስትጠጉም የማይታይ ግድግዳ አለ። እኔ 19ኛው ኬላ ላይ ደርሼ እንዲህ ሆነብኝ። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማታ መጽሐፍ አነባለሁ።

መብራት ሲሄድስ? ለሱ ምንም ዘዴ የለኝም። አንዴ 27 ላይ ሄደ። ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ ለብቻዬ ሳቅሁ።

መኪና ላይ አንድ ምክር አለኝ። የመጀመሪያ ተሽከርካሪዬ ነጻ ብስክሌት ነበር፣ ቀጥሎ በጣም ያማረ፣ በሩ የሚከፈት፣ ራዲዮ ያለው፣ መጥረጊያው የሚሠራ መኪና ገዛሁ። ያ መኪና ከሦስት ኬላ በላይ ሄዶ አያውቅም። እያንዳንዱ ጌጥ ስክሪፕት ነው። 31ዱን የነዳሁት በአንድ አስቀያሚ፣ ቀለሙ የደበዘዘ ባለ አንድ ወንበር ፒካፕ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን የሙከራ ቅጂ ጠይቁትና ሱቁ በር ላይ ሳይሆን መንገድ ላይ አውጥታችሁ ሞክሩት። መኪናውን ከኢንቬንቶሪ የምታወጡበት ቦታ ደግሞ፣ ሬዝ ዞን የሚሉት፣ እዚህም እዚያም አለ። ያገኛችሁትን ሁሉ ላንድማርክ አድርጋችሁ (ቦታውን መዝግባችሁ) ያዙ፣ ስትወድቁ ካለፈው ሬዝ ዞን ነው የምትቀጥሉት። የኔ ፎልደር ውስጥ 14 ደርሰዋል፤ ለሚፈልግ በኖትካርድ (እዚያው ውስጥ በሚላክ ማስታወሻ) እልካለሁ።

ቀጣዩ ሳንሳራ ነው፣ ከአህጉሮቹ የመጀመሪያው። ሰሜኑ በረዶ ነው። ፒካፑን እዚያ ወስጄ ለሙከራ አወጣሁት። ነጭ መንገድ፣ ነጭ ጥድ፣ ከሩቅ የአንድ ሰው ቤት መብራት። ሁለት ኬላ ሄድኩ። ሦስተኛው ላይ ቁጥር ስጀምር "አንድ" ብዬ "ሁለት" ሳልል መኪናው ከሥሬ ሄደ፣ እኔ በረዶው ላይ እግሬን አጥፌ ተቀመጥኩ። ራሰ በራ ሆኜ። ያንን ሰፈር የነዳ ካለ የትኛው ሬዝ ዞን ላይ ልጀምር?