የበሰለ እንቁላል ፍሪዘር ውስጥ ማቆየት፦ የሠራልኝና ያልሠራልኝ

አንድ እሁድ ከሰዓት 24 እንቁላል ቀቀልኩ። ላጥኳቸው፣ ፌስታል ውስጥ ከተትኳቸው፣ ፍሪዘር ውስጥ አስገባኋቸው። የተነሳሁበት ምክንያት የጠዋት ጥድፊያ ነው። ልጆቹን ቀስቅሼ፣ አልብሼ፣ ምሳ ዕቃቸውን አዘጋጅቼ፣ እኔም ለሥራ ለብሼ ከቤት እስክንወጣ ድረስ መጥበሻ ለመጣድ ፋታ የለኝም። ሥጋ ፍሪዘር ውስጥ ይቆያል፣ ዳቦ ይቆያል፣ ታዲያ የተቀቀለ እንቁላል ምን ይሆናል ብዬ ነው።

ማክሰኞ ማታ አራቱን አውጥቼ ፍሪጅ ውስጥ አሳደርኳቸው። ጠዋት ሳህኑን ሳወጣው ከሥር ውሃ ተኝቶበታል። አንዱን አንስቼ በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት። ልክ እንደ ዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ገባ ብሎ ውሃ አፈሰሰ። ለሁለት ስከፍለው ደግሞ ነጩ እንደ ቀድሞው ልሙጥ አይደለም፤ ስስ ስስ ሆኖ ተነባብሯል፣ በንብርብሩ መሐል ክፍተት አለ። ትልቋ ልጄ አንዴ ነከሰችና አስቀመጠችው። «እማ፣ ጥርሴ ላይ ይጮኻል» አለችኝ። እኔም ቀመስኩት። ላስቲክ ነው።

አስኳሉን ግን ለብቻው ስቀምሰው ምንም አልሆነም። ትንሽ ደረቅ ብሏል እንጂ ያው አስኳል ነው። ያን ቀን ልብ ያልኩት ነገር በኋላ ለሠራሁት ሁሉ መነሻ ሆነኝ፤ አንድ ቅርፊት ውስጥ ያሉ ሁለት ነገሮች ፍሪዘርን የሚቀበሉት በጣም በተለያየ መንገድ ነው።

ምክንያቱ ውሃ ነው። የእንቁላል ነጭ 90 በመቶ ገደማው ውሃ ነው። ስንቀቅለው ፕሮቲኑ እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ መረብ ይሆንና ያን ሁሉ ውሃ ውስጡ ይይዛል፤ ልሙጥና ለስላሳ የሚያደርገውም ይሄው ነው። ፍሪዘር ውስጥ ሲገባ ውሃው ወደ በረዶ ይቀየራል፣ በረዶ ደግሞ ከውሃ የበለጠ ቦታ ይፈልጋል፣ የበረዶው ቅንጣት እያደገ ሲሄድ መረቡን ይቀዳድደዋል። በረዶው ሲቀልጥ የተቀደደው መረብ ውሃውን መልሶ መያዝ አይችልም። ውሃው ወደ ሳህኑ ይወርዳል፣ የቀረው ፕሮቲን ተጨማድዶ ላስቲክ ይሆናል። አስኳል ግን ውሃው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው፣ የቀረው አብዛኛው ስብና ፕሮቲን ነው። በረዶው እዚያ ውስጥ ብዙ የሚያበላሸው ነገር አያገኝም።

ይሄን እስክረዳ ድረስ ከነጩ ጋር ብዙ ታግያለሁ። ቶሎ ይቀዘቅዛል ብዬ በስሱ ቆርጬ ሞከርኩ። ደቅቄ ከትፌ ሞከርኩ። አየር እንዳይገባው በፕላስቲክ አጥብቄ ጠቅልዬም ሞከርኩ። ደቆ ሲከተፍ ላስቲክነቱ አፍ ውስጥ ትንሽ ይደበቃል፣ በተረፈ ለውጥ የለውም። ስለዚህ ሙሉ የተቀቀለ እንቁላል ፍሪዘር ውስጥ አታስገቡ፤ ተልጦም ሳይላጥም። የቀሩኝን 20 እንቁላሎች አቅልጬ አስኳሉን ብቻ አወጣሁና ፈርፍሬ በሰላጣ ላይ ጨረስኩት። ነጩን መጣል ግን አንጀቴን በላው።

እንደውም ለተቀቀለ እንቁላል ፍሪዘር አያስፈልገንም። ፍሪጅ ውስጥ፣ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች እስከሆነ ድረስ፣ አንድ ሳምንት ይቆያል። ሳይላጥ ቢቀመጥ ይሻላል፤ ቅርፊቱ እንዳይደርቅና የሌላ ምግብ ሽታ እንዳይስብ ይከላከልለታል። ከተቀቀለ በኋላ ግን ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ መዋል የለበትም። አሁን እሁድ እሁድ ለሳምንቱ የሚበቃንን ቀቅዬ ቅርፊቱ ላይ በእርሳስ ቀኑን እጽፍበታለሁ። መጀመሪያ ያሰብኩት ችግር ግማሹ በዚህ ብቻ ተፈታ።

ግማሹ ቀረ። ሁሌ የተቀቀለ ይሰለቻል፣ አንዳንዴም እንቁላል ብዙ ሆኖ ሳንበላው ይቆይብናል።

መጀመሪያ ወደ አስኳሉ ሄድኩ። እንቁላሉን ጥሬውን ሰብሬ ነጩንና አስኳሉን ለየሁ። አስኳሎቹን ሳይነባበሩ ሰፋ ያለ ድስት ውስጥ ደረደርኳቸው፣ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር የሚበልጣቸው ቀዝቃዛ ውሃ ቀስ ብዬ ጨመርኩ፣ ከድኜ ቶሎ እንዲፈላ አደረግኩት። ልክ እንደፈላ ከእሳቱ አውርጄ እንደተከደነ 12 ደቂቃ ገደማ ተውኩት። ከዚያ ቀዳዳ ባለው ጭልፋ እያወጣሁ ጨርቅ ላይ አጠነፈፍኳቸው። ድስቱን ስትከፍቱ ደስ ይላል፤ ቢጫ ቢጫ ክብ ነገሮች ሥሩ ላይ ተኝተው፣ አንዳንዶቹ የነጭ ክር አስከትለው። ሲቀዘቅዙ ባለክዳን ዕቃ ውስጥ አድርጌ ፍሪዘር ውስጥ አስገባኋቸው። ወር ቆይቼ አውጥቼ በመፋቂያ ፋቅኳቸው፤ ልክ እንደ አይብ ተፋቁ። ሰላጣ ላይ፣ ሾርባ ላይ፣ ዳቦ ላይ ቅቤ ከተቀባ በኋላ ነስነስ አደርገዋለሁ።

የተለየው ነጭስ? እዚህ ላይ እህቴ ረዳችኝ። ኬክ ስለምትጋግር አስኳል ብቻ የሚጠይቅ ነገር ስትሠራ ነጩ ይተርፋታል። «ጥሬውን አስገቢዋ! ማን ቀቅይው አለሽ?» አለችኝ። እውነትም ያልበሰለ ነጭ ገና መረቡ ስላልተሠራ የሚቀደድ ነገር የለውም። በበረዶ መሥሪያ ትሪ ጉድጓዶች ውስጥ አፍስሼ ሲጠነክር ወደ ፌስታል አዛውራለሁ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል የአንድ እንቁላል ነጭ ነው ብላችሁ መቁጠር ትችላላችሁ። ከቀለጠ በኋላ ስትመቱት አረፋም ይሠራል።

ጥሬ አስኳል ግን ብቻውን አታስገቡ። በጣም ሲቀዘቅዝ ይረጋና ሲቀልጥም እንደ ወፍራም ሙጫ ይሆናል፤ ከምንም ጋር አይቀላቀልም። የግድ ከሆነ ለአራት አስኳል የሻይ ማንኪያ አንድ ስምንተኛ ጨው፣ ለጣፋጭ ነገር ከሆነ ደግሞ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ስኳር መትታችሁ ብትቀላቅሉበት መርጋቱን ይቀንስለታል። እኔ ጋ አሁን ደንቡ ይሄ ሆኗል፦ ነጩ ጥሬውን፣ አስኳሉ በስሎ።

ከዚያ ወደ ፍርፍሩ። ነጩና አስኳሉ ተመትተው ሲቀላቀሉ የአስኳሉ ስብ በነጩ መሐል ስለሚገባ ፍሪዘርን ይችላል። ይችላል ስል ግን አሠራሩን ካወቃችሁበት ነው። የመጀመሪያዬን እንደ ወትሮው በኃይለኛ እሳት ነው የጠበስኩት፤ ሲቀልጥ ግማሹ ውሃ ግማሹ ጥርስ የሚፈትን ፍርፋሪ ሆነ። ብዙ ሙቀት ፕሮቲኑን በጣም ያጨማድደዋል፣ ፍሪዘሩ ደግሞ በላዩ ላይ ይጨምርበታል፣ መልሶ ማሞቁም ሦስተኛ ነው። ስለዚህ እሳቱን ቀንሼ እያማሰልኩ፣ ፈሳሽ ነገር እንደሌለው ሳይ ግን ገና ወዛም እያለ አወርደዋለሁ። ጥሬ ይሁን ማለቴ አይደለም። ቴርሞሜትር ካላችሁ 71 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ ከዚያ በላይ እሳት ላይ ማቆየት ነው የማይጠቅመው።

ሁለተኛው ወተት ነው። ለስላሳ ይሆንልኛል ብዬ አብዝቼ ነበር፤ ወተት ራሱ ውሃ ስለሆነ ሲቀልጥ ተመልሶ ሳህን ላይ አገኘሁት። አሁን ለሁለት እንቁላል አንድ የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በጥቂት ወተት በጥብጬ እጨምራለሁ። ስታርቹ ውሃውን ይዞ ያስቀረዋል። አይብ ካለም ጥሩ ነው፣ ስቡ ያግዛል።

አትክልቱ ላይም ያው የውሃ ነገር ነው። ቲማቲም አልጨምርም፣ በቃ። እንጉዳይና ቃሪያ ውሃቸው እስኪመጥ ቀድሜ እጠብሳለሁ። ቆስጣ ከሆነ ቀቅዬ በእጄ ጨምቄ ነው የማስገባው፤ ሲጨመቅ የሚወጣውን ውሃ ብታዩ ያ ሁሉ ካልተጨመቀ የት ይሄድ እንደነበር ይገባችኋል።

ከሁሉ የወደድኩት ግን በኦቭን የሚጋገረውን ነው። ባለ 12 ጉድጓድ የትንንሽ ኬክ መጋገሪያ አለኝ። ደህና አድርጌ ዘይት እቀባዋለሁ፤ እንቁላል ከምንም በላይ ይጣበቃል። 12 እንቁላል መትቼ፣ ስታርቹን፣ የተጠበሰውን አትክልትና አይቡን ቀላቅዬ ሦስት አራተኛ እስኪሆን እሞላዋለሁ። በ175 ዲግሪ 20 ደቂቃ ገደማ። ኦቭን ውስጥ ጉብ ብሎ ይነሳል፣ ሲወጣ ዝቅ ይላል፤ አትደንግጡ፣ እንፋሎቱ ስለወጣ ነው። መሐሉን ነካ ሳደርገው ካልተንቀጠቀጠ ደርሷል።

ማቀዝቀዙ ላይ ችኮላ አያዋጣም፣ መዘግየትም አያዋጣም። አንድ ጊዜ ትኩሱን ፌስታል ውስጥ ከተትኩት። እንፋሎቱ ውስጡ ተንጠባጠበና በረዶ ሆኖ እርስ በርስ አጣበቃቸው፤ ስድስቱን በቢላ ለማላቀቅ ስታገል ሦስቱ ተሰባበሩ። አሁን ሽቦ ላይ ደርድሬ በደንብ እስኪበርዱ እጠብቃለሁ፣ ይሄ ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው። ከዚያ ትሪ ላይ ሳይነካኩ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሰዓት ያህል፤ ድንጋይ ሲሆኑ ዚፕ ባለው ፌስታል። አየሩን ለማስወጣት ዚፑን ጥቂት ክፍት ትቼ ፌስታሉን ቀስ ብዬ ውሃ በሞላ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አወርደዋለሁ፤ ውሃው ራሱ ከውጭ እየተጫነ አየሩን ያስወጣዋል፣ አፉ ጋ ሲደርስ እዘጋዋለሁ። አየር ከቀረ የምግቡ ላይኛው ክፍል ደርቆ ነጣ ነጣ ይላል፣ ጣዕሙም ይሞታል። አያሳምምም፣ ግን አይበላም።

ቀኑን ጻፉ። አልረሳም ብዬ ሳልጽፍ የተውኩት አንድ ፌስታል ነበር፤ መቼ እንደገባ ማወቅ አልቻልኩም። 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሆነ ፍሪዘር ምግቡን ከመበላሸት ያቆየዋል፣ ጣዕሙና ልስላሴው ግን ከሁለት ሦስት ወር በኋላ እየወረደ ነው የሚሄደው። እኔ ሁለት ወር አላሳልፍም።

አንድ ነገር በጣም እንድትጠነቀቁ እፈልጋለሁ። ፍሪዘር ጀርም አይገድልም። ሳልሞኔላም ቢሆን በረዶ ውስጥ ይቆያል፣ ሙቀት ሲያገኝ ይቀጥላል። አንድ ማታ ስድስት አውጥቼ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት ረስቼ ጠረጴዛ ላይ አደሩ። ጠዋት ሲታዩ ምንም አልሆኑም፣ አልሸተቱም። ጣልኳቸው። ለልጅ የሚሰጥ ነገር ላይ «ምን ይሆናል» አይባልም። ማቅለጥ ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ ወይም ከፍሪዘር በቀጥታ ማይክሮዌቭ። አንዴ የቀለጠውንም መልሼ አላስገባም።

ማይክሮዌቩ ላይ ኃይሉን ወደ ግማሽ ቀንሱት። በሙሉ ኃይል ዳሩ ተቃጥሎ መሐሉ በረዶ ይሆናል። እርጥብ የወረቀት ፎጣ አልብሼ ፍሪጅ ያደረውን አንድ ደቂቃ አካባቢ፣ ከፍሪዘር የወጣውን ሁለት፤ ከዚያ አውጥቼ ትንሽ አሳርፈዋለሁ፣ ሙቀቱ ወደ ውስጥ ይዳረሳል። መሐሉ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት። ማይክሮዌቭ ሁሉ አንድ ስላልሆነ የእናንተን መጀመሪያ በአንዱ ሞክሩት። ሙሉ የተቀቀለ እንቁላል ግን ማይክሮዌቭ ውስጥ አታስገቡ፤ ውስጡ የታፈነው እንፋሎት እጃችሁ ላይ ወይም አፋችሁ ውስጥ ሊያፈነዳው ይችላል።

ጥሬ እንቁላልም ከነቅርፊቱ ፍሪዘር ውስጥ አይገባም፣ ይሰነጠቃል። ፍሪጃችን ከኋላ በኩል በጣም ስለሚበርድ ሁለቴ ደርሶብኛል። የተሰነጠቀውን ጣሉት። ብዙ ጥሬ እንቁላል ካላችሁ ሰብራችሁ፣ ነጩና አስኳሉ እስኪዋሃድ መትታችሁ በዕቃ አስገቡት፤ እስከ ዓመት ይቆያል። ስታወጡትም ፍርፍሩን ያኔ ትኩስ ትሠሩታላችሁ።

አሁን እኔ ጋ ፍሪዘር ውስጥ ያለው አንድ ፌስታል የተጋገረ፣ አንድ ዕቃ የበሰለ አስኳልና አንድ ትሪ ጥሬ ነጭ ነው። ማታ ከመተኛቴ በፊት አራት የተጋገረ ወደ ፍሪጅ አወርዳለሁ። ጠዋት ልጆቹ ጫማቸውን እስኪያስሩ ድረስ ማይክሮዌቩ ይጮኻል።